ከጢያራው ጋር የቀረው ሰው

ባለፈው ክረምት ለአንድ ዘመድ ለቅሶ ሶዶ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር ሳልፍ አንድ ሽታ አቆመኝ። አሮጌ ድስትና የመኪና ስብርባሪ አቅልጠው አዲስ ብረት ድስት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አልሙኒየም ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ ቀጭን ነው፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ምላስ ላይም የሳንቲም ጣዕም ይተዋል። አንደኛው ሠራተኛ ቆሜ ሲያየኝ ድስት የምገዛ መስሎት «ትልቁን ነው ትንሹን?» አለኝ። ይህን ሽታ መጀመሪያ ያሸተትኩት አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የአያቴን እጅ ይዤ እንዲህ ካለ ምድጃ ፊት ቆሜ ነበር።

ያን ዓመት እናቴ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ስለተላከች ከአዋሳ አምጥታ አባቷ ዘንድ ተወችኝ። አስር ዓመቴ ነበር። አያቴ አንጁሎ ይባላል፣ እኔ ግን አባባ ነው የምለው። ዕድሜውን ሙሉ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ሠርቶ ጡረታ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። መርፌ ሲወጋ፣ ቁስል ሲያጥብ፣ ሕፃናት ሲከትብ ስለኖረ አገሬው «ዶክተር» ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታ ነበር። ሁለት ክፍል ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን፣ ጭጋጉ ሲፈቅድ፣ የዳሞታን ተራራ እናያለን። አባባ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። እኔ ብዙ መንገድ ስለሄደ እግሩ ያለቀበት ይመስለኝ ነበር፣ እርሳስ እንደሚያልቀው።

ወላይትኛ አልችልም ነበር። ይዤ የመጣሁት «ሳሮ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ዓመት ከሰማሁት አብዛኛውን የሰማሁት በአባባ አፍ ነው። እሱ መተርጎም ሲተው ፊቱን እያየሁ እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜም እሳሳታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጊፋታ ነው፣ በወላይታ አዲስ ዓመት። ዘመድ ሁሉ ከከተማው ዳር በሚኖረው በአባባ የአጎት ልጅ በጋሽ ባልቻ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ቅርጫው ተከፋፍሎ፣ ትኩስ ሥጋ በዳጣ እየተበላ፣ ሽማግሌዎቹ የየአባቶቻቸውን መቃብር ማጠር እንዳለባቸው ያወራሉ። አባባ እኔም ልርዳችሁ ሲል ጋሽ ባልቻ ቢላዋውን እየጠረገ አንድ ነገር ተናገረ። ሰዎች ሳቁ። አባባ አልሳቀም። እጁን ታጠበ፣ ጃኬቱን አነሳ፣ እኔን በዓይኑ ጠራኝ።

መንገድ ላይ «ምን አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የአባትህን መቃብር ጣልያን አገር ሄደህ እጠር አለኝ።»

«አባትህ ጣልያን አገር ነው ያለው?»

ብዙ ተራመደ። ከዚያ ልጅ መሆኔን የረሳ ይመስል ነገረኝ። በጣልያን ጊዜ እሱ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው አንድ ጢያራ ተራራ ላይ ወደቀ። ወታደሮች የገበያ ቀን ጠብቀው ከሶዶ ገበያ ወንዶች ለሸክም አፈሱ። ከታፈሱት አንዱ አባቱ ሻንካ ነበር። ሌሎቹ ተመለሱ፤ ሻንካ አልተመለሰም። ሌሎቹ የሚያውቁት «እዚያ ቀርተህ ጠብቅ» መባሉን ብቻ ነው። ወዲያው ጦርነቱ ደረሰ፣ ጣልያንም ከሶዶ ወጣ። ሰው ሻንካ ባንዳ ሆኖ ከጣልያን ጋር ሄደ፣ ከኦሞ ማዶ ሌላ ሚስት አገባ ማለት ጀመረ። አባባ ትምህርት ቤት ሲገባ «የባንዳ ልጅ» ይሉት ነበር።

«እናትህ ምን አለችህ?»

«የጢያራ ሬሳ ሊሸከም ሄደ አለችኝ። ሌላ ነገር አልነገረችኝም። ባሏ ሞቷል ያላት ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ጥቁርም አልለበሰችም። በየገበያው ቀን ወጥታ መንገድ ላይ ትቆም ነበር። እንደዚያው ሳታለቅስ ሞተች።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት የጢያራ ሬሳ የሚለውን ነው። ጢያራው ራሱ ሞቶ፣ ሰዎች ክንፉን፣ ጭራውን፣ ራሱን በየትከሻቸው ይዘው እያለቀሱ ተራራ ሲወርዱ ታየኝ። በሥዕል ደብተሬ ሣልኩት። አባባ ሥዕሉን አየ፤ ስህተቴን አላረመም።

አባቱን እስከዚያ ዓመት ለምን እንዳልፈለገ ስጠይቀው ሥራ ነበረብኝ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሥራው አይደለም ያስቀረው። ሄዶ ቢያጣራ ጋሽ ባልቻ ልክ ሆኖ እንዳይገኝ ነው የፈራው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ድስት ሠሪው ወሰደኝ። ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ ቅንድቡን እሳት ልሶታል። አባባ ከጢያራ የመጣ ብረት አቅልጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ጎረምሳ ሳለ ብዙ አቅልጧል። «የጢያራ ብረት እንደ ወረቀት ይቀላል፣ አይዝግም» አለ። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ከቦምቤ በኩል ሳይሆን አይቀርም አለ፤ እዚያ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የጢያራ እግር ደወል አድርጋ ሰቅላለች ሲሉ ሰምቷል።

ቦምቤ ሄድን። ግማሹን በሚኒባስ፣ ግማሹን በእግር። ከዋናው መንገድ ርቃ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዋንዛ ዛፍ ላይ አንድ ክብ ብረት ተሰቅሏል። ዘበኛው በኩራት በድንጋይ መታልን። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ። አባባ ጠጋ ብሎ ጠርዙን በጥፍሩ ፋቀ። ቀይ ዝገት እጁ ላይ ቀረ። የከባድ መኪና ቸርኬ ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎት ወጣን።

ስንመለስ ዝናብ መታን። እንሰት ቅጠል ቆርጦ በራሴ ላይ ያዘልኝ። «ለሰውየው ጢያራ እንዳልሆነ ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«ምን ያደርግለታል? ለእሱ ጢያራ ይሁንለት።»

ለሁለት ሳምንት ያህል ጉዳዩን አላነሳውም። እኔም የተወው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሻንቶ ገበያ ወረድን፣ እሱ ወንበር የሚጠግን ሰው ሊያናግር፣ እኔ እንዲሁ። አንዲት ጨው ሻጭ ሴት ጨው የምትሰፍርበትን ጎድጓዳ ነገር አንስታ ስትደፋ አባባ መራመዱን አቆመ። ጎንበስ ብሎ ዕቃውን ተቀበላት። ገለበጠው። ከጀርባው ጥፍር የሚያካክሉ የምስማር ራሶች በተርታ ተሰልፈዋል፣ ልክ ቀሚስ ላይ እንዳለ ስፌት። ስንት ዓመት ጨው ውስጥ የኖረ ዕቃ አንድም ቦታ አልዛገም።

አባባ ከየት እንደሆነ ጠየቃት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ አድርጋ የክትባት ጠባሳዋን አሳየችው።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችው በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። «ልጅ ሆኜ ወጋኸኝ፣ አለቀስኩ። መስፈሪያው የአባቴ ነው። የዳሞታ ጀርባ ነን እኛ። እዚያ በየቤቱ አለ።»

ከዚያ በኋላ ያለው በጋ በሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የተራራው ጀርባ ነበርን። አባባ ለእኔ ሥራ ሰጠኝ። በሥዕል ደብተሬ መንገዱን እሥላለሁ፤ የጢያራ ብረት ያለበት ቤት ስናገኝ የመስቀል ምልክት አደርጋለሁ። መስቀሎቹ የሚበዙበትን እንከተላለን፣ ሰው ከባድ ነገር ሩቅ አይሸከምም ይል ነበር። በየቤቱ የሚያውቀው ሰው ይወጣል፤ አንዱን ከቆዳ ሽፍታ ሌላውን ከእባብ ንድፊያ አክሞታል። ይጎትቱናል፣ ጎደሬ በቅቤ ያቀርቡልናል፣ ብረቱንም ያወጡልናል። የዶሮ ውሃ መጠጫ አየን። የንብ ቀፎ ክዳን አየን። አንድ ሰው የበሩን ቀዳዳ የለጠፈበት ቁራጭ ላይ ቀለም ነበረበት፣ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ የሄደ። አንዲት ልጃገረድ አያቷ የሠራላትን ሚዶ አሳየችኝ፤ ጥርሶቹ አንድም አልተሰበሩም። ከየት አመጣችሁት ሲላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፣ በአገጫቸው ወደ ላይ ያመለክታሉ።

ሁሉም የብረቱን ነገር ያውቃሉ። የሻንካን ነገር የሚያውቅ ግን አላገኘንም።

ከፍ እያልን ስንሄድ አገሩ ተለወጠ። እንሰቱ አጠረ፣ ገብስና ድንች መጣ፣ ከዚያ እሱም ቀረና ሣርና አልፎ አልፎ የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ ሆነ። በጥር አንድ ቀን አንድ ገበሬ መርቶ ጢያራው የወደቀበት ቦታ አደረሰን። ጭጋጉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ይለጠፋል። እኔ ሙሉ ጢያራ ነበር የጠበቅኩት። ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ ብዬ ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ ነበር የመጣሁት፤ ነጂው እስካሁን ውስጡ ይኖር ይሆን ወይ ብዬም ትንሽ ፈርቼ ነበር። ያገኘነው ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነው። በጉድጓዱ ጠርዝ ሰው ሊነቅለው ያልቻለ የሞተር ብረት ግማሹ መሬት ውስጥ ገብቶ ሣር በቅሎበታል። ሁለት ላሞች ውሃውን ይጠጣሉ።

አባባ ኮፍያውን አውልቆ ጉድጓዱን ዞረው። መሬት መሬቱን ያያል። የሚፈልገው ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ኋላ እንደገባኝ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ነበር የሚፈልገው። ምንም አልነበረም።

ገበሬው አዘነለት መሰለኝ «ከዚህ በታች ያለው የመጀመሪያ ቤት አዬ አስካለ አሉ» አለው። አዬ ማለት እናት ማለት ነው። «ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የነበረ ሰው አሁን የለም።»

የአዬ አስካለ ጎጆ ተዳፋት ላይ ነች። ትንሿ መሬት በሙሉ እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ ታርሳለች፤ በዚያ አገር መሬት በስንዝር ነው፣ ለወንድ ልጅ የሚካፈል ስለሌለ ጎረምሳው ወደ ከተማ ይሰደዳል። ከጓሮ ግን ከጎጆዋ ሰፋ የሚል ቦታ ሳይታረስ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተከቦ ተቀምጧል። አየሁት፤ ምንነቱን ግን አልጠየቅሁም።

አዬ አስካለ አጭር ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው አንዱ ነጭ ሆኗል። ከእሳቸው ጋር የመጨረሻ ልጃቸው ጴጥሮስና በቅርቡ ያገባት ታደለች ይኖራሉ። አባባ ተቀመጠ፣ ሰላምታው ረዘመ፣ ከዚያ ስለ ጢያራው ጠየቀ። አሮጊቷ ሰው ሁሉ የሚናገረውን ተናገሩ፣ አባባም ተረጎመልኝ፤ ቀን ነበር፣ ጭጋግ ነበር፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነበር። አባባ ቀስ ብሎ ሌላ ነገር ጠየቃቸው። በመካከል ሻንካ የሚለውን ስም ሰማሁ።

አዬ አስካለ በደህናው ዓይናቸው አባባን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቁት።

አባባ አልተረጎመልኝም። ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን ክር ፈታ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውንም። እኔ እሾህ የወጋው መሰለኝ። ተረከዙና የእግሩ ጠርዝ የተጨማደደ፣ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ነበር፣ ትንሿ ጣቱ የለችም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አብሬው እየኖርኩ ባዶ እግሩን አይቼ አላውቅም ነበር።

የታደለችን ክንድ ነካሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። በጆሮዬ «እግሩን እሳት የበላው ልጅ፣ ዳነ ወይ ነው ያሉት» አለችኝ።

አዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው ጠባሳውን ዳሰሱት፣ ልክ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። ታደለች እየሰማች እየነገረችኝ፣ አንዳንዴም እየቆመች፣ እንዲህ ነው የሰማሁት።

ጢያራው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ በሕይወት ነበረ፤ ወገቡ ተሰብሯል፣ እጁ ተቃጥሏል። ከሶዶ የመጡት ሸካሞች ሁለቱን ሬሳ ይዘው ወረዱ። ሦስተኛውን ቢነኩት ይጮኻል። አለቃው ቃሬዛ እስኪመጣ ጠብቅ ብሎ አንድ ሰው ተወለት። ያ ሰው ሻንካ ነው። ቃሬዛው አልመጣም። በማግሥቱ ከታች የተኩስ ድምፅ ተሰማ። የአዬ አስካለ አባት ወጥቶ ሻንካን «ጣልያኖቹ ሄደዋል፣ አንተም ወደ ቤትህ ሂድ» አለው። ሻንካም «ይሄን ሰው ማን ውሃ ያጠጣዋል?» አለ። አዬ አስካለ ያኔ የእኔ እኩያ ነበሩ፤ ወተት በቅል ይዘው ይወጡ ነበር። ሻንካ ከክንፉ ስር ተቀምጦ የሰውየውን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ አገኙት። በረዶ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ሰውየው ሞተ፤ ሻንካና አባታቸው እዚያው ቀበሩት። ሻንካ ወርዶ ወደ እነሱ ቤት ሲገባ ያስለው ነበር፣ ገላው እሳት ነው። ከሳምንት በኋላ ሞተ።

«ልጄ እሳት ውስጥ ገብቶብኛል፣ ቁስሉ አልደረቀም፣ ልሂድ ይል ነበር» አሉ አዬ አስካለ። «ተነስቶ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። እናቴ ይድናል፣ ልጅ ቶሎ ይድናል ትለዋለች። ሃምሳ ስንት ዓመት፣ ዳነ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።»

እኔ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነበር። በታደለች አስጠየቅሁ፤ በጢያራው የወደቀው ሰው ጣልያን ነበር ወይስ እንግሊዝ? ሰው ሁሉ በየቤቱ ሲከራከርበት ሰምቼ ነበር። አሮጊቷ ጥያቄዬ የገባቸው አይመስልም።

«ይጮህ ነበር» አሉ። «የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅነውም።»

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አባታቸው ሶዶ ድረስ ወርዶ የሻንካን ቤት አጠያይቆ አገኘ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «እሱ ከጣልያን ጋር ሄዷል፣ ስሙን እዚህ አታንሳ» ብሎ መለሰው። ሰውየው ማን እንደሆነ አባባ አልጠየቀም። በኋላም ነጮች በበቅሎ መጥተው የጢያራውን ሰው አጽም አውጥተው በሳጥን ወሰዱ። አባታቸው የሻንካንም መቃብር አሳያቸው። ይሄ የኛ አይደለም ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያን መሬት ማንም አልነካውም።

ሁላችንም ወደ ጓሮ ወጣን። አባባ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ነበር። ሣሩ ላይ ተንበርክኮ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱ ላይ አስቀመጠ። ጴጥሮስ ራቅ ብሎ ቆሟል። ፊቱ የተቆጣ መሰለኝ፣ መሬታችንን ሊወስዱ መጡ ብሎ የፈራ። ታደለች ናት በኋላ የነገረችኝ፤ ጴጥሮስ እዚያች ቦታ ላይ የራሱን ጎጆ ሊሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቱን ለምኗል፣ ሌላ መሬት የለውም። እናቱ ሰው ተኝቶበታል ብለው ከልክለውታል። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ ሳይሆን ሐፍረት ነበር።

አባባ ሲነሳ ይህን ከማንም ሳይሰማ የገባው መሰለኝ። መሬቱ የት የት እንደሚደርስ በዓይኑ ለካ፣ ሁለቱን ወጣቶች አየ። «አባቴን እወስደዋለሁ» አለ። «መሬታችሁን ሥሩበት።»

አዬ አስካለ ተቆጡ። ቁጣቸውን ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገኝም። ማን ውሰደው አለህ ነው ያሉት፣ ቃሉን በኋላ የነገረችኝ ታደለች ናት። ከአንተ ጋር ሦስት ዓመት አልኖረም፣ ከእኔ ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ኖሯል፤ አባቴ ሲሞት ይሄን ሰው አደራ ያለው ለእኔ ነው። አባባ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ሲጨርሱ ስለ እናቱ ነገራቸው፣ መንገድ ላይ ስለምትቆመው፣ ለቅሶ ስላልተቀመጠችው። «ከጎኗ ላስተኛው ነው» አለ።

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው መልሰው ፈቱት።

«ለእሷ ከሆነ» አሉ፣ «ትውሰደው።»

ከቀበሌው ወረቀት ለማውጣት ሦስት ሳምንት ፈጀ። አጽሙ በወጣበት ቀን ልጅ አያይም ተብሎ ወደ ቤት ተላክሁ፤ በእንሰቱ ቅጠል መካከል ግን አየሁ። ጴጥሮስ ነው የቆፈረው፣ በዝግታ፣ መጨረሻውን በእጁ። አባባ ጋቢ ዘርግቶ አንድ በአንድ ተቀበለው፤ ቁስል ሲያጥብ እንደማየው፣ ሳይቸኩል። አንድ ሙሉ ሰው እንዲህ ትንሽ ጥቅል መሆኑ ገረመኝ፤ የቀረው የት ሄደ ብዬ ጉድጓዱን ለማየት አንገቴን አሰገግሁ። ሌሎች እንሸከምልህ ቢሉት አልሰጥም አለ። ጥቅሉን አቅፎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ተራራውን ራሱ ወረደ።

ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ብዛት አባባንም አስደነገጠው። ዘመዱ፣ የከተባቸው ሰዎች፣ ከተራራው ጀርባ ብረት ያሳዩን ሁሉ። አዬ አስካለ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማ ገቡ። ታደለች ከእንግዶች ጋር ልታስቀምጣቸው ስትል አባባ መጥቶ እጃቸውን ይዞ ከሟች ቤተሰብ ሴቶች መካከል፣ በመጀመሪያው ቦታ አስቀመጣቸው።

አፈሩ ሊመለስ ሲል ጋሽ ባልቻ ወደ ፊት ወጣ። የሻንካን መሬት ከአባቱ ወርሶ የሚያርሰው እሱ ነው። ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል። ያኔ ወላይትኛ ትንሽ ትንሽ እሰማ ስለነበር የመጀመሪያውን በራሴ ተረዳሁ፣ የቀረውን እናቴ ነገረችኝ፤ ለቀብሩ መጥታ ነበር።

«ያን መልእክተኛ የመለሰው አባቴ ነው» አለ። «ልጅ ሆኜ ከኋላው ቆሜ ነበር። ሰውየው ሻንካ ሞቷል ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አውቄ ነው ስናገር የኖርኩት።»

ሰው ሁሉ አባባን አየ። እኔ ይመታዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ስገልጥ አባባ ከአንዱ ወጣት እጅ አካፋ ተቀብሎ ለጋሽ ባልቻ እየሰጠው ነበር። ጋሽ ባልቻ የመጀመሪያውን አፈር መለሰ። ስለ መሬቱ ያን ቀን ምንም አልተባለም፤ ከዚያ በኋላም ሲባል አልሰማሁም።

ያኔ ነው አባባ ያለቀሰው። እንደ ሽማግሌ አልነበረም ለቅሶው። አፉን ከፍቶ፣ እንደ ትንሽ ልጅ፣ አባቱን እየጠራ ነው። እናቴ ወደ እሱ ልትሄድ ስትል አዬ አስካለ ቀደሟት።

ሐምሌ ላይ እናቴ መጥታ ልትወስደኝ ዕቃዬን በምናሰናዳበት ሳምንት ጴጥሮስ በዝናብ በስብሶ መጣ። መቃብሩ በነበረበት ቦታ ጎጆውን ሠርቷል፣ ከጎጆው የተረፈችውን ጥግ ደግሞ ድንች ተክሎባት ነበር። አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ድንች አምጥቷል። «እናቴ ናቸው የላኩት» አለ፤ «የመጀመሪያው የእናንተ ነው ብለዋል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ከረጢቱ ጥግ ላይ ቆመ። እናቴ ልትፈታው ቀርባ ተመለሰች። እኔማ ድንቹ ውስጥ የአባባ አባት ያለ ስለመሰለኝ ከከረጢቱ አጠገብ አላልፍም ነበር። አባባ ሁለታችንንም አየ። አምስት ድንች አወጣ፣ አጠበ፣ ቀቀለ። አንዱን ትኩሱን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ ላጠው፣ ጨው ነካ አድርጎ በላ። ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው።

ከዚያ ሌላ ልጦ ለሁለት ሰበረና ግማሹን ዘረጋልኝ። ፈርቼ ወደ እናቴ አየሁ፤ እሷ ሌላኛውን ግማሽ ተቀብላ ነበር። ወሰድኩት። ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ጣፋጭ የደጋ ድንች ነበር። አባባ ስበላ አየኝ፣ ጨውም አቀረበልኝ።